ፍየል ወዲህ፣ ፖም ወዲያ

ነገሩ የተጀመረው በመምህራን ስብሰባ ላይ ነው። የጠዋት ፈረቃና የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎችን የሒሳብ ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ሁለት ነገር ተናገርሁ። አንድ ወጣት ባልደረባችን ወዲያው እጁን አወጣ። ይሄ እኮ ፖምን ከብርቱካን ጋር ማወዳደር ነው አለ። ግማሹ ቤት ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳላስበው ነቀነቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ጋሼ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እኔ ፖም የቀመስሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው፣ ከብርቱካን ጋር መጣላቱን ማን ነገረው? አሉኝ። ሳቄን ስታገል ስብሰባው አለቀ።

ማታ የጎንደር ልጆች በምንሰባሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጉዳዩን ለጠፍሁት። መጀመሪያ፣ ይቺ የፖምና የብርቱካን አባባል ከየት መጣች ብዬ ጠየቅሁ። ቀጥዬም አባቶቻችን የማይገናኝ ነገር ሲያገናኙባቸው ምን ይሉ ነበር አልሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ሳይሆን ድፍረት ነበር። የእኛው «ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ» ነው፣ ቅዝምዝም ደግሞ ፍየል የምትወደው ቅጠል ነው፣ ፍየሏ እዚህ ቅጠሉ እዚያ ማለት ነው ብዬ ጻፍሁ። ያለ አንዳች ጥርጣሬ ነው የጻፍሁት። ቅጠሉን ከየት እንዳበቀልሁት እንጃ።

በሳምንቱ 43 መልስ ደረሰኝ። ሁሉንም እንዳለ ላምጣ ብል አንዳንዱ የሚመጣ አይደለም። እንደ ቁጥሩ ልተርክላችሁ።

መልስ 1፦ ከማራኪ ሰፈር የጻፈልን ሰው ነው። ትሑት ነው፤ ሰላምታው ብቻ አራት መስመር ፈጀ። አባባሉ ከእንግሊዝኛ መምጣቱን፣ እሱም መጀመሪያ የሰማው አበል ባለው ሥልጠና ላይ መሆኑን ነገረን። አሠልጣኙ ለሻይ እስክንወጣ ሦስት ጊዜ ብሏታል አለ። ከዚያ ሥልጠና እስከ ዛሬ የቀሩለት እሷና አንድ ቦርሳ ናቸው። ስለ ቅጠሌ ምንም አላለም። ትሑት ነው አልኋችሁ።

መልስ 2፦ እንግሊዝኛ የምታስተምር እኅት ናት፤ የአዘዞ ልጅ። ፖምና ብርቱካን ድሮ አብረው አልነበሩም አለች። ጆን ሬይ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1670 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ ውስጥ ፖም የተጣመረው ከኦይስተር ጋር ነው። ከእሱም በፊት ሼክስፒር በአንድ ኮሜዲው ተጠቅሞበታል። አንድን መንገደኛ ሽማግሌ የሰው አባት አድርገው ሊያቀርቡት ይሰናዳሉ። መልካችሁ እኮ ይመሳሰላል ይሉታል። አንዱ አሽከር ታዲያ ፈንጠር ብሎ ያጉረመርማል፤ አዎ፣ ፖም ከኦይስተር የሚመሳሰለውን ያህል ብሎ። ብርቱካኑ የገባው ኋላ ነው። እንደ እሷ አስተያየት ኦይስተሩ መውጣት አልነበረበትም። ሁለቱም ፍሬ፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ባንድ ዘንቢል የሚገቡ ሲሆኑ ቀልዱ ይሞታል አለች። እኔም ተስማማሁ።

መልስ 3 ኦይስተር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ 4 ድንጋይ በሚመስሉ ሁለት ቅርፊቶች መሀል የሚኖር የባሕር ፍጡር ነው፣ ፈረንጅ ሎሚ ጨምቆበት በጥሬው ይውጠዋል አለ። መልስ 5 ደግሞ ገና ዐቢይ ጾም ላይ ሆነን ይሄን ማንበብ ግድ ነው ወይ ብሎ ቅር አለው። ከዚያ ለጥቂት ሰዓት ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ዝም አለ። እኔም ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ መልስ 6 ይጠብቀኝ ነበር።

ጸሐፊው ወገራ ተወልዶ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ ፍየል የጠበቀ ሰው ነው። ሰላምታ የለውም። ቅዝምዝም ቅጠል ነው ያለው ማነው? ብሎ ጀመረ። ቅዝምዝም እረኛ እያሽከረከረ የሚወረውረው በትር ነው። እንደ ሽመል የሚደገፉት አይደለም፤ አጠር ያለ ነው፣ ክንድ ተኩል ቢሆን። ወይራ ከተገኘ ወይራ፣ ከጠፋ ክትክታ። አንደኛው ጫፍ ትንሽ ወፈር ሲል ደስ ይላል፤ ሲሄድ ራሱን ይዞ ይዞራል። ወደ ላይ አይወረወርም። ከጉልበት በታች ዝቅ ብሎ፣ መሬቱን ሊልስ ጥቂት ሲቀረው፣ እየተሽከረከረ ነው የሚሄደው። ዓላማው ፍየሏን መስበር አይደለም። እግሯ አጠገብ አፈር አንስቶ ከገብሱ እንዲመልሳት ነው።

በግ ብትሆን ድምፅ ይበቃታል አለ። ፍየል ግን ስትጮህባት ቀና ብላ ታይሃለች። አይታህ ስታበቃ ትቀጥላለች። ስለዚህ ትወረውራለህ። አንዳንድ ቀን እጅህ ይበላሻል። ፍየሏ እዚህ ቆማለች፤ በትሩ ሲዞር ሄዶ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይወድቃል። ያው፣ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በትሩን ትቶ ቤት የሚገባ እረኛ ስለሌለ ልትፈልግ ትገባለህ። እሾሁን ታልፋለህ፣ ሣሩን በእግርህ ትዳብሳለህ። ስትወጣ ገብሱ ተላጭቷል። የማሳው ባለቤትም ደርሷል። ያን ጊዜ ቅዝምዝሙ የሚዞረው ወደ አንተ ነው፤ እሱ ደግሞ አይስትም።

ይሄን ሳነብ ቅጠሌ በቁሙ ደረቀ።

መልስ 7 የእኔ ይቅርታ ነው። አጭር ነው።

መልስ 8፦ ይቅርታዬ ያልተዋጠለት ሰው ነው። ለእኔ አዘነልኝ መሰለኝ። አያቱ ቅዝምዝም ቅጠል ነው ሲሉ በጆሮው እንደሰማ ጻፈ። አያቱ ደግሞ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው። ዘመናዊ ነን ባዮች የአባቶችን ቃል ባይንቁ ጥሩ ነበር ብሎ ደመደመ።

መልስ 9፦ የወገራው ሰው ተመለሰ። አያትህን አከብራለሁ፣ ግን አያትህ ከፍየል ጭራ ኋላ አንድ ክረምት ውለው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀጠለናም፣ ቅጠል ቢሆን ኖሮ ፍየሏ ራሷ ወደ ቅጠሉ ትሄድ ነበር እንጂ ወዲህና ወዲያ ሆነው አይቀሩም ነበር አለ። ፍየልና ቅጠል ተራርቀው ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አለ። ነገሩ ሻካራ ቢሆንም ክርክሩ ጠንካራ ነው። እጅ ያወጣ አልነበረም።

መልስ 10 አንዲት እናት ናቸው። ልጆቼ ረጋ በሉ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው፣ ብርሌ እየወረወራችሁ አትጠጡ አሉን። ሁሉም ለጥቂት ሰዓት ጨዋ ሆነ።

መልስ 11ና 12 ለእኔ ከሁሉ የጣፈጡኝ ናቸው። 11ኛው አባባሉን ገልብጦ ነው የሚያውቀው፤ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ። ቤታቸው ሁሉም እንደዚያ ይላሉ። 12ኛው ደግሞ ሁለቱም ትክክል ነው፣ ልዩነቱ የውርወራው ነው አለ። ፍየሏ ወዲህ ሆና በትሩ ወዲያ ከሄደ አሳልፈሃል። ፍየሏ ወዲያ ሆና በትሩ ወዲህ ከወደቀ አላደረስህም። አንዱ ከነገሩ አልፎ የሚናገር ሰው ነው፤ ሌላው ነገሩ ጋ ሳይደርስ የሚደክም። የወገራው ሰው ለዚህ መልስ አንድ አውራ ጣት ሰጠ። በክሩ ውስጥ ከእሱ የተገኘው ብቸኛው ምስጋና ይሄ ነው።

ከዚያ ውጭ አገር ያሉት ገቡ።

መልስ 13፦ ጀርመን የሚኖር የፒያሳ ልጅ። እዚያ ፖም የሚጣላው ከብርቱካን ጋር ሳይሆን ከፒር ጋር ነው አለ፤ ሆላንዶችም እንደዚያው። ፖምና ፒር ደግሞ በመልክም በጣዕምም ወንድማማች ናቸው። ጀርመኖች ሲጠነቀቁ እስከዚህ ነው ብሎ አለቆቹን አማ።

መልስ 14፦ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሩማንያ ተልከው የነበሩ ጋሼ ናቸው። ሩማንያውያን የማይገጥም ነገር ሲያዩ እንደ አሮጊቷና እንደ መትረየሱ ይላሉ አሉ። መጀመሪያ ሲሰሙ የቋንቋ ችሎታቸውን ጠርጥረው መዝገበ ቃላት ከፍተዋል። ትክክል ነበሩ። ጎረቤት የነበሩት ሰርቦች ደግሞ አሮጊቶችንና እንቁራሪቶችን ነው የሚያወዳድሩት፤ በቋንቋቸው ባቤ እና ዣቤ ስለሚባሉ ቤት ይመታል። በዚያ አካባቢ አሮጊት ሆኖ መኖር ከባድ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጨረሱ። 10ኛዋ እናት ተመልሰው፣ መትረየሱ እሳቸው ዘንድ ቢኖር ኖሮ ይሄ ክር ገና ድሮ ይሰክን ነበር አሉ። ይሄ 15 መሆኑ ነው።

መልስ 16፦ ኮፐንሃገን ያለች ልጅ። ዴንማርኮች የማይወዳደር ነገር ሲቀርብላቸው ጥያቄ ይጠይቃሉ አለች፤ ክቡ ግንብ ይበልጣል ወይስ ነጎድጓድ? ክቡ ግንብ በከተማው መሀል ያለ ነው፤ ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1637 አስጀምሮት በ1642 አልቋል። ደረጃ የለውም ማለት ይቻላል፤ በውስጡ እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው ያለው።

ለጎንደር ሰው ግንብ ካነሡለት በኋላ ምን ይቀራል?

መልስ 17 ወዲያው አማርኛ አደረገው። ፋሲል ግንብ ይበልጣል ወይስ የሐምሌ ነጎድጓድ? እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እየተጠቀምሁበት ነው፤ ተማሪዎቼ ወደዱት። መልስ 18 ዓመቱን አስተያየ። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። የዴንማርኩ ንጉሥ ግንቡን የጀመረው በዓመቱ ነው። ሁለቱ ነገሥታት ሳይተዋወቁ ባንድ ሰሞን ድንጋይ ሲያስፈልጡ ነበር ማለት ነው። ይሄ እንኳ ቆንጆ ነገር ነበር፤ እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ።

መልስ 19 አላቆመም። የእኛውንስ የሠሩት ፖርቱጋሎች አይደሉም እንዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1541 ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር 400 ያህል ወታደር ገብቶ የለም ወይ አለ። ይባስ ብሎ ብርቱካን የሚለው ስም ራሱ ከፖርቱጋል የመጣ ነው፣ ፍሬውንም ግንቡንም ያመጡት እነሱ ናቸው ብሎ አንድ ላይ ጠቀለለው።

መልስ 20ን እንዳለ ባመጣው ይሄን ጽሑፍም ያስነሡብኝ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። ዳ ጋማ የመጣው ጎንደር ከመቆርቆሯ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ሲነግሡ ገና ከጅምሩ የሠሩት ሥራ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ማስወጣት ነው። ያባረሩትን ሰው ቤት ሥራልኝ ይላሉ ወይ? ከዚያ በኋላ ያለው ስድብ ነው። መልስ 21 አለዘበው። ኖራና የግንብ ሙያ ከአባታቸው ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ በአገሩ ይሠራበት ነበር አለ። የህንድም የፖርቱጋልም ሰው ሙያ ገብቶበታል፤ ያሠሩት፣ ያዘዙትና ድንጋዩን ያነባበሩት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። አንድን ግንብ ለአንድ ሕዝብ ብቻ መስጠት እንደ ፍየሏ በትር ነው፣ አጠገቡ ወድቆ ይቀራል አለ።

መልስ 22፦ የ2ኛዋ መምህርት ተመለሰች። ስለ ስሙ 19ኛው ልክ ነው አለች። ጣፋጩን ብርቱካን ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች በብዛት ያመጡት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለሆኑ ቱርኩ ፖርታካል፣ ዐረቡ ቡርቱቃል አለው፤ ወደ እኛ ሲደርስ ብርቱካን ሆነ። ስሙ ግን የሄደው በንግድ መንገድ፣ ከአፍ ወደ አፍ ነው። ከስሙ ተነሥቶ ግንበኛ መፈለግ አይቻልም። ሎሚና ትርንጎ ከብርቱካን በፊት እዚሁ ነበሩ፤ የትርንጎን ስም ያወጣ ሁሉ ግንብ አልሠራልንም ብላ ዘጋችው።

23 ሳቅ ነው። 24 ተሰርዟል። ምን እንደነበረ አይቻለሁ፤ መሰረዙ ደግ ነው።

ቅዳሜ ለገበያ ስወጣ ስለ ክሩ ለፍራፍሬ ደንበኛዬ ነገርኋት። አራዳ በኩል ጥግ ይዛ ነው የምትሸጠው። ስልኳን አውጥታ እዚያው ቆሜ እያለሁ መልስ 25ን በድምፅ አስገባችው። ፖምና ብርቱካን አይወዳደሩም የሚል ሰው ሸጦ አያውቅም አለች። እሷ በየቀኑ ታወዳድራቸዋለች። ብርቱካን ስትገዛ አንድ ያህል የሆኑ ሁለት ታነሣለች፤ ከበድ ያለው ውሃ አለው፣ ቀለል ያለው ልጣጭ ነው። ፖምን ግን በክብደት አታምነውም። በጥፍሯ ቆርቆር ታደርገዋለች፣ ወገቡን ታገላብጣለች፣ አንድ ቦታ ጠቆር ብሎ ከለሰለሰ ነገ ጎረቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ብርቱካን የሚወስዱት ጁስ ቤቶች ናቸው፤ በኬሻ ይሄዳል። ፖም የሚወስደው ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ አራት አምስት ፍሬ፣ በፌስታል፣ መልካሙን መርጪልኝ እያለ። ጠዋት ያላት ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ሲበቃ ምን ታድርግ? ካላወዳደረች ምን ትበላ? ይሄን ብላ ሁለት ብርቱካን መረቀችኝ።

መልስ 26 ልክ ብላለች፣ ግን የምታወዳድረው ትርፋቸውን እንጂ ፍሬዎቹን አይደለም አለ። መልስ 27 ይሄ ሰው ልክ አለመሆኑን በሳይንስ ሊያሳየው መጣ። የላብራቶሪ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የናሳ ተመራማሪ የሆነው ስኮት ሳንድፎርድ አንድ ፖምና አንድ ብርቱካን ወስዶ ቀስ ብሎ አደረቃቸው። ከዚያ ፈጭቶ ፖታሲየም ብሮማይድ ከሚባል ጨው ጋር ቀላቅሎ እንደ ክኒን ጠፈጠፋቸው፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን መረመራቸው። የሁለቱ ግራፍ እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ጄምስ ባሮን የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለቱን ፍሬዎች ያነጻጸረበትን የቀልድ ጥናት አወጣ። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ጣፋጭ፣ ሁለቱም ከዛፍ የሚለቀሙ፣ ሁለቱም የሚጨመቁ። ቀልድ ይሁን እንጂ አሠራሩ የእውነት ነው። መልስ 28 ደርቆ ከተፈጨ በኋላማ ማን ከማን ይለያል፣ በርበሬና ሽሮም እኮ ጨለማ ውስጥ አንድ ናቸው አለ። ይሄን የጻፈው ሰው ጨለማ ውስጥ ወጥ የሠራ መሆን አለበት።

መልስ 29ና 30 አሁንም የመምህርቷ ናቸው። ሴትዮዋ ነገር ይዛ አትለቅም። ማወዳደርን መጥላት ራሱ አርጅቷል አለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ጆን ሊድጌት የተባለ እንግሊዛዊ መነኩሴ ፈረስ፣ ዝይና በግ ለሰው ልጅ ማን ይበልጥ ይጠቅማል ብለው የሚሟገቱበት ግጥም ጽፏል። ማወዳደር ከጥንት የተጠላ ነው የሚለው ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ሼክስፒር ደግሞ ቃል ለሚያጣምም አንድ የዘብ አለቃ ሰጥቶት፣ የተጠላ ነው ለማለት ሽታ አለው እንዲል አደረገው። የወገራው ሰው ይሄን አንብቦ፣ ፍየል በሙግቱ ስላልተጋበዘች ሙግቱ ጎዶሎ ነው አለ። ያ 31 ነው። ሽታውን በተመለከተ ግን እንደሚስማማ ጨመረ፤ ማሽተት ከፈለጋችሁ ከአውራ ፍየል ጋር እደሩ።

መልስ 32፦ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው። ክሩ ውስጥ ሁሉም ተራራቀ እያለ ያማርራል፣ እኛ ዘንድ ግን መራራቁ ነው የሚወደደው አለ። ሰሙን ከወርቁ የሚያጋጥም ተማሪ ሁለት ቅርብ ነገር ቢያመጣ መምህሩ ፊት አይሰጡትም። ሰማይና ምድር የሆኑትን አምጥቶ ባንድ ቃል ሲያስራቸው ያን ጊዜ ተቀኘ ይባላል። ስለዚህ አሮጊቷንና መትረየሱን ያጣመረ ሩማንያዊ እዚህ ቢወለድ ኖሮ መሪጌታ ይሆን ነበር። የሩማንያው ጋሼ በዚህ በጣም ተደሰቱ።

33፣ 34፣ 35ን ልዝለላቸው። አንዱ የኢንተርኔቱን ቀርፋፋነት፣ ሁለቱ ኳስ ያነሡ ናቸው።

መልስ 36ን የጻፈችው በስብሰባው ላይ አጠገቤ የነበሩት የጋሼ ልጅ ናት። ክሩን ማታ ማታ ታነብላቸው ኖሯል። አባቷ ያሉትን እንዳለ አሰፈረች። እስካሁን ሁላችሁም አባባሎቹን አንድ አድርጋችሁ ይዛችኋል፣ አንድ ግን አይደሉም አሉ። የፈረንጁ ጥፋቱን ለነገሮቹ ነው የሚሰጠው፤ ፖም ፖም ስለሆነ፣ ብርቱካን ብርቱካን ስለሆነ። ተናጋሪው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የእኛው ስለ ፍየሏ አይደለም፤ ፍየሏ ቆማ ገብሷን ነው የምትበላው። ስለ በትሩም አይደለም። ስለ ወርዋሪው ነው። እጅህ ሳተ ነው የሚልህ። ለዚህ ነው አባባሉ የሚያመው። ያ ልጅ በስብሰባው ላይ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ብሎህ ቢሆን ኖሮ ማታ ስለ አባባል ምንጭ አትጠይቅም ነበር፤ ታኮርፍ ነበር። ፖምና ብርቱካን ያለህ አክብሮህ ነው አሉ።

ደጋግሜ አነበብሁት። ልክ ናቸው።

መልስ 37 ሲመጣ ፊቴ ጋለ። ራሱ ልጁ ነው። ለካ እሱም መድረኩ ላይ አለ። ያን ዕለት የተናገርሁት እኔ ነኝ ብሎ ጀመረ። ቅር ያለህ ነገር ካለ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ተያይዟል፤ ይሄን ሁሉ ሰው መጥራት አያስፈልግም ነበር አለ። ቃሉ ትሑት ነው፣ ግን ይወጋል። ቀጥሎ ሐሳቡን አስረዳ። ከከሰዓት ተማሪዎች ብዙዎቹ ጠዋት ሊስትሮ ሲጠርጉ፣ ወላጆቻቸውን ገበያ ሲያግዙ ውለው ነው የሚመጡት። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይጀምራል። ከጠዋቶቹ ጋር ባንድ ሰንጠረዥ ሲቀመጡ ሰነፎች ይመስላሉ። ማለት የፈለግሁት ይሄን ነበር አለ።

መልስ 38 የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ከቅጠሉ ይቅርታ ይረዝማል።

39 ላይ የወገራው ሰው ለልጁ አዘነ። አይዞህ፣ አንተ አልሳትህም አለው። 40 ላይ የሒሳብ መምህር የሆነ ሌላ ሰው መፍትሔ አመጣ። ዘንድሮ ከጠዋት ወደ ከሰዓት የተዛወሩ ተማሪዎች ካሉ የእነዚያኑ ልጆች ውጤት ከመዛወራቸው በፊትና በኋላ እዩ፤ ያኔ ልጁ ያው ልጅ ነው፣ የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ሰኞ ከወጣቱ ጋር ቡና እየጠጣን ስም ዝርዝሩን ከፈትነው። የተዛወሩት አሥራ አንድ ናቸው። የዘጠኙ ውጤት ወርዷል። ልጁ ምንም አላለም፤ ስኒውን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገው፣ ሒሳቡን ክፈል ማለቱ ነው።

41 ላይ 8ኛው ሰው፣ የቅጠሉ ጠበቃ፣ ድንገት ብቅ አለ። እናቱ ዘንድ ደውሎ ነበር። አያቱ ያሉት ሌላ ቅጠል ኖሯል። ስሙን አልጻፈውም። የወገራው ሰውም አላሳጣውም፤ ዝም አለ። አስገረመኝ።

42 ላይ አንድ ከዚህ ቀደም ያላየነው ሰው ገባ። ክሩን ያነበበው አይመስልም፤ ርዕሱን ብቻ አይቶ ይሆናል። ለፋሲካ ደህና ሙክት ፍየል የሚሸጥ የምታውቁ አላችሁ ወይ፣ ዋጋውንም ንገሩኝ ብሎ ጠየቀ።

43ኛው መልስ ከወገራ ነው። ሁለት ሙክቶች አሉኝ፣ ዋጋቸውን በውስጥ መስመር እንነጋገር አለ። ቅዝምዝሙ ግን ለብቻው ይታሰባል።